ለባሌ ተራሮች ጉዞ የብረት ኮዳ ይሻላል ወይስ ፕላስቲክ?

ጥያቄ፦ «በጥር መጀመሪያ ከአራት ጓደኞቼ ጋር ባሌ ተራሮች ላይ ለአራት ቀን በእግር ልንጓዝ ነው። ከድንሾ ተነስተን ድንኳን እየተከልን እናድራለን። ወንድሜ ከዱባይ ያመጣልኝ አንድ ሊትር የሚይዝ የብረት ኮዳ አለኝ። ሙቁን ሙቅ፣ ቀዝቃዛውን ቀዝቃዛ አድርጎ ያቆያል። አንዱ ጓደኛችን ብረት መሸከም ምን ያደርጋል፣ ሃይላንድ ይበቃል ይላል። ሌላዋ ደግሞ ፕላስቲክ ካንሰር ያመጣል ብላ አስፈራርታናለች። የትኛውን ልያዝ?»

ምላሽ፦

እህቴ፣ ጥርን መምረጣችሁ ጥሩ ነው። ሰማዩ ጥርት ይላል፣ መንገዱ ደረቅ ነው፣ ቀይ ቀበሮ የማየት ዕድላችሁም ሰፊ ነው። የጥር ሌሊት ግን ባሌ ላይ ቀላል አይደለም። የምመልስልሽም ያንን ሌሊት እያሰብኩ ነው።

ከ15 ዓመት በላይ ሰው እየመራሁ ተራራ ወጥቻለሁ። ጉዞ ከመጀመራችን በፊት የሁሉንም ቦርሳ አስፈትቼ ኮዳቸውን አንድ በአንድ አያለሁ። ሰው ኮዳ ሲመርጥ የሚያስበው ቀኑን ነው። ፀሐዩን፣ ጥሙን፣ ዳገቱን። ኮዳን የሚፈትነው ግን ሌሊቱ ነው። ስለዚህ ብረት ነው ፕላስቲክ ከማለትሽ በፊት አንድ ነገር ጠይቂ። ማታ የፈላ ውሃ ብጨምርበት ይችላል? ከቻለ ይዘሽው ሂጂ። ከምን እንደተሠራ ከዚያ በኋላ እናየዋለን።

ምክንያቱን ልንገርሽ። ድንሾ ራሱ ከ3,000 ሜትር በላይ ነው። የሳነቴ አምባ 4,000 ሜትር አካባቢ ነው፤ የቱሉ ዲምቱ ጫፍ ደግሞ 4,377 ሜትር። በበጋ ሌሊት ብርዱ ከዜሮ በታች ይወርዳል። ጠዋት ድንኳኑ ላይ ውርጭ ታገኛላችሁ። እዚያ ብርድ ላይ ተመችቶሽ የምታድሪበት ዘዴ በጣም ቀላል ነው። ከእራት በኋላ ውሃ አፍልተሽ ኮዳ ውስጥ ትጨምሪያለሽ። ክዳኑን ጥርቅም አድርገሽ ትዘጊና ወፍራም ካልሲ ታለብሺዋለሽ። ከዚያ ስሊፒንግ ባግሽ ውስጥ፣ እግርሽ ጋ ታስገቢዋለሽ። ሌሊቱን ለብዙ ሰዓት ያሞቅሻል። ሲነጋ ደግሞ ያው ውሃ በረዶ ያልሆነ የሚጠጣ ውሃ ሆኖ ይጠብቅሻል።

አንድ ጊዜ ገርባ ጉራቻ ሐይቅ አጠገብ አድረን ነበር። አብሮን ከነበሩት ልጆች አንዱ ይህንን ዘዴ አይቶ እሱም ከድስቱ የፈላ ውሃ ቀዳ። የቀዳው ግን ሃይላንድ ውስጥ ነው። ጠርሙሱ መጀመሪያ ወገቡ ገባ። ከዚያ ትከሻው ተጣመመ። ቁመቱ እያጠረ እያጠረ ሄዶ እንደ ደረቀ ቃሪያ ተጨማደደ። ውሃ ግን አላፈሰሰም። ልጁም ደህና ነው ብሎ ካልሲ አልብሶ ይዞት ተኛ። ከሌሊቱ 8 ሰዓት ላይ ሲጣራ ሰማሁት። አንገቱ ተጣሞ ስለነበር ክዳኑ ቀስ በቀስ አፍስሶ ከወገቡ በታች በስብሷል። ውጭ ውርጭ ነው። ደረቅ ልብስ አልብሰን፣ ሁለት ስሊፒንግ ባግ ደርበን፣ መሃላችን አስተኛነው። እስኪነጋ ድረስ ሲንቀጠቀጥ ነበር። ያንን ሌሊት አልረሳውም። ከዚያ ወዲህ ኮዳ ሳላይ ማንንም ይዤ አልወጣም።

የሆነው ነገር ምክንያት አለው። የሃይላንድ ጠርሙስ የሚሠራው ፔት ከሚባል ፕላስቲክ ነው። ፔት ከ70 እስከ 80 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ባለው ሙቀት መለስለስ ይጀምራል። ከፍታ ላይ ውሃ ቀድሞ እንደሚፈላ ታውቂ ይሆናል። አዲስ አበባ ላይ 92 ዲግሪ አካባቢ ይፈላል። ሳነቴ ላይ 87 ዲግሪ ገደማ። «እዚያ ሲፈላም ብዙ አይሞቅም» የሚሉ ሰዎች አሉ። ለሃይላንድ ግን 87 ዲግሪም ብዙ ነው።

አሁን ወደ ዱባዩ ኮዳሽ እንምጣ። ሙቁን ሙቅ አድርጎ የሚያቆይ ከሆነ ድርብ ነው ማለት ነው። በሁለቱ ብረቶች መካከል ያለው አየር ተመጥጦ ወጥቷል። እንደ ፔርሙዝ ነው የሚሠራው። ስለዚህ ለእግርሽ አይሆንም። ሙቀቱን ለራሱ ይዞ ያድራል እንጂ አይሰጥሽም። የፈላ ውሃ ጨምረሽ ውጭውን ንኪው፤ ቀዝቃዛ ነው። ብዙ ሰው ይህንን አያስብም። ውድ ኮዳ ይዞ ይወጣና ሌሊቱን ሲበርደው ያድራል።

ክብደቱም አለ። ዛሬ ባዶውን ሰፈራችሁ ሱቅ ውሰጂና ሚዛን ላይ አስቀምጪው። አንድ ሊትር የሚይዝ ድርብ ኮዳ ብዙውን ጊዜ ግማሽ ኪሎ አካባቢ ይመዝናል። ድርብ ያልሆነው ነጠላ ብረት 200 እና 250 ግራም ውስጥ ነው። አፈ ሰፊው ጠንካራ ፕላስቲክ 180 ግራም ገደማ ነው። ባዶ ሃይላንድ 30 ግራም ቢሆን ነው። ውሃው ራሱ በሊትር አንድ ኪሎ ነው፤ እሱን መቀነስ አይቻልም። በቀን ሦስት ሊትር የሚጠጣ ሰው ሦስቱንም በድርብ ብረት ቢይዝ አንድ ኪሎ ተኩል ብረት ይሸከማል። በ4,000 ሜትር ላይ፣ ትንፋሽ በሚያጥርበት ዳገት፣ ያ ኪሎ ተኩል ትከሻ ላይ ይቆጠራል። ስለዚህ ጓደኛሽ ስለ ክብደት ያለው እውነት ነው። ሃይላንድ ብቻ ይበቃል ያለው ግን አያስኬድም።

ከዚህ ተነስቼ እንዲህ ብታደርጉ እላለሁ። እያንዳንዳችሁ የፈላ ውሃ የሚችል አንድ ኮዳ ያዙ። ቀሪውን ውሃ ለመያዝ ሁለት ባዶ ሃይላንድ በቂ ነው። የዱባዩን ኮዳ ለአምስታችሁ አንድ አድርጉት። ባለፈረሱ ይጫነው፤ ቱሉ ዲምቱ በምትወጡበት ጠዋት ሻይ ሞልታችሁ ተራ በተራ ያዙት። ያ ሻይ እዚያ ጫፍ ላይ፣ ነፋሱ ፊት ሲገርፍ፣ ምን ያህል እንደሚጣፍጥ ስትደርሱ ታዩታላችሁ። ለዚያ ሰዓት ግማሽ ኪሎው ይገባዋል።

የፈላ ውሃ የሚችለው የትኛው ነው? ፕላስቲክ ከሆነ ገልብጪውና ሥሩን እዪ። ሦስት ማዕዘን ውስጥ የተጻፈ ቁጥር አለ። 1 ከሆነ ፔት ነው፤ የፈላ አይችልም። 2 እና 5 የፈላ ይችላሉ። 2 ቁጥሩ ነጣ ያለ፣ ብርሃን በደንብ የማያሳልፍ ነው፤ ሲሞቅ ትንሽ ይለሰልሳል እንጂ ቅርጹን አይለቅም። ለኔ ከሁሉም የሚበልጠው እሱ ነው። ቀላል ነው፣ ብርድ አይሰብረውም፣ ዋጋውም ይቀንሳል። 7 ደግሞ «ሌሎች» ማለት ነው፤ ብዙ ዓይነት ፕላስቲክ በአንድ ቁጥር ተጠቃሏል።

ስለ ካንሰሩ የተነሳውም ወሬ ከዚህ 7 ቁጥር ጋር የተያያዘ ነው። ድሮ ጠንካራና ጥርት ያሉ ኮዳዎች የሚሠሩት ፖሊካርቦኔት ከሚባል ፕላስቲክ ነበር። በውስጡ ቢስፌኖል ኤ የሚባል ኬሚካል አለ። ይህ ኬሚካል ሰውነት ውስጥ እንደ ሆርሞን ስለሚሠራ ስጋት አስነሳ። የአውሮፓ ኅብረት በ2011 ከሕፃናት ጡጦ አስወጣው። በታኅሣሥ 2024 ደግሞ ምግብና መጠጥ ከሚነኩ ዕቃዎች እንዲወጣ ወሰነ። (ዓመቶቹ በፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው።) አሁን የሚሸጡት ብዙዎቹ ጥርት ያሉ ኮዳዎች ትራይታን ከሚባል ሌላ ፕላስቲክ ነው የሚሠሩት። ይህ ቢስፌኖል ኤ የለበትም። እቤት የተቀመጠ የቆየ፣ ጠንካራና ብርጭቆ የሚመስል ኮዳ ካላችሁ ግን የፈላ አትጨምሩበት።

ሃይላንድ ላይ ቢስፌኖል ኤ የለም። ጓደኛሽን በዚህ አረጋጊያት። የሃይላንድ ችግር ሌላ ነው። ሙቀትና ፀሐይ አይወድም፤ ሲሞቅ ከፕላስቲኩ ወደ ውሃው የሚገባው ነገር ይጨምራል። መኪና ውስጥ ለቀናት ፀሐይ ሲመታው የከረመ ውሃ እኔ አልጠጣም። በ2024 የወጣ የኮሎምቢያ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች ጥናት በአንድ ሊትር የታሸገ ውሃ ውስጥ በአማካይ 240,000 ያህል ደቃቅ የፕላስቲክ ቅንጣት አግኝቷል። ቅንጣቶቹ ሰው ላይ ምን እንደሚያደርሱ ሳይንሱ አሁንም እያጠናው ነው። ይህ የሚያሳስብሽ ከሆነ ለቤትና ለቢሮ ብረት ያዢ፤ ጥሩ ሐሳብ ነው። ለአራት ቀን ተራራ ግን ከዚያ ይልቅ ያልታከመ ውሃ ነው የሚያስፈራኝ። ወደ እሱ እመጣለሁ።

ብረት ከመረጥሽ ነጠላውን ፈልጊ። ሥሩ ላይ 18/8 ወይም 304 የሚል ካለው የማይዝግ ብረት ነው። 18 ከመቶ ክሮሚየም፣ 8 ከመቶ ኒኬል ማለት ነው። የፈላ ቢጨመርበት ምንም አይሆንም፤ ግን ውጭው ያቃጥላል። ሁለት ካልሲ አልብሺው። ነጠላ ብረት ሌላም ጥቅም አለው። የግድ ከሆነ እሳት ላይ ሊጣድ ይችላል። ክዳኑን ከፍተሽ፣ ፕላስቲክ የሆነውን ሁሉ አውልቀሽ፣ ቀለም ያልተቀባ መሆኑን አይተሽ። ድርቡን ግን በፍጹም እሳት ላይ እንዳታደርጊ። በግድግዳዎቹ መሃል ያለው ክፍተት የታሸገ ስለሆነ ሲሞቅ ሊፈነዳ ይችላል፤ ሰው ይጎዳል። ይህንን ለአምስቱም ንገሪያቸው። የአሉሚኒየም ኮዳም እሳት አይወድም። ውስጡ የተቀባ ሽፋን አለውና። ሎሚ ወይም ሌላ ኮምጣጣ ነገር የምትይዢበት ከሆነ፣ ሽፋኑ የተፋቀ አሉሚኒየም ተዪው።

ውሃው ላይ ትንሽ ልቆይ። ባሌ የውሃ ማማ ነው። ወይብና ገናሌን የመሳሰሉ ወንዞች ከዚያ ይነሳሉ። ጅረቱ ኩልል ያለ ስለሆነ ሰው ጎንበስ ብሎ መጠጣት ያምረዋል። ግን ፓርኩ ውስጥ ሰው ይኖራል፣ ከብት ይሰማራል። ከምትጠጪበት ቦታ ከፍ ብሎ ላም ቆማ ይሆናል። ጃርዲያና አሜባ ከያዘሽ አራቱ ቀን አለቀ።

ማፍላት ከሁሉም ይበልጣል። ከ2,000 ሜትር በላይ ከሆናችሁ ከተንፈቀፈቀ በኋላ ሦስት ደቂቃ ቆዩ። እዚህ ላይ ነው የምሽቱ ኮዳ ሁለት ሥራ የሚሠራው። ያሞቅሻል፣ ለጠዋቱም የታከመ ውሃ ይሆንልሻል። ቀን ላይ ከሆነ «ውሃ አጋር» የሚባለው የውሃ ማከሚያ መድኃኒት ጠቃሚ ነው። መጠኑን ጠርሙሱ ላይ እንደተጻፈው አድርጊ። ቢያንስ 30 ደቂቃ ጠብቂ፤ ውሃው በጣም ቀዝቃዛ ከሆነ አንድ ሰዓት። ፕላስቲክም የማይዝግ ብረትም ይህንን መጠን ይችላሉ። ብረት ኮዳሽን ለማጠብ ብለሽ ግን በረኪና ዘፍዝፈሽ አታሳድሪበት። የማይዝግ ብረትንም ይበሳሳዋል።

ተጨማቂ ማጣሪያ ያለው ሰው ካለ ደግሞ ፕላስቲክ የግድ ነው። ጠርሙሱን ጨምቀሽ ነው ውሃው የሚያልፈው፤ ብረት አይጨመቅም። እነዚህ ማጣሪያዎች ብዙውን ጊዜ ከለስላሳ መጠጥ የፕላስቲክ ጠርሙስ አንገት ጋር ይገጥማሉ። ከአንዳንድ የውሃ ጠርሙስ ጋር ግን አይገጥሙም፤ ጥርሱ ይለያያል። ቤት ሳለሽ ሞክሪው። ማታም ማጣሪያውን አብረሽው ተኚ። አንዴ በረዶ ከሆነ ውስጡ ይሰነጠቃል፤ ከውጭ ግን አያስታውቅም።

ሃይላንድ የሚያሸንፍበት አንድ ቦታ ደግሞ አለ። እሳትም መድኃኒትም ባለቀበት ጊዜ ፀሐይ ውሃ ታክማለች። ጥርት ያለ ውሃ ጥርት ባለ የፔት ጠርሙስ ሞልተሽ፣ ወረቀቱን ልጠሽ፣ ድንጋይ ላይ አጋድመሽ ለስድስት ሰዓት ሙሉ ፀሐይ ላይ ተዪው። ሰማዩ ደመና ከበዛበት ሁለት ቀን ያስፈልጋል። የፀሐዩ ጨረር ነው ተሕዋስያኑን የሚገድለው። ጠርሙሱ ከሁለት ሊትር አይብለጥ። ብረት ውስጥ ይህ አይሆንም፤ ጨረሩ አያልፍም። በዚህ ምክንያት እኔ ሁልጊዜ አንድ ያልተቧጨረ ሃይላንድ ቦርሳዬ ሥር አለ።

አንዳንድ ነገር ደግሞ የሚታወቀው እዚያው ነው። ውሃ በረዶ ሲሆን ወደ አንድ አሥረኛ በሚጠጋ መጠን ያብጣል። ጢም ብሎ የሞላ ነጠላ ብረት ውጭ ካደረ ሥሩ ያብጥና መቆም ያቅተዋል፤ አንዳንዴም ይተረተራል። ጎደል አድርጊው። ድንኳን ውስጥ የምታስቀምጪውን ኮዳ ደግሞ ዘቅዝቀሽ አሳድሪው። በረዶ የሚጀምረው ከላይ ነው። ከተዘቀዘቀ በረዶው ሥሩ ላይ ይሆናል፤ ጠዋት ክዳኑ ይከፈትልሻል። ቀጭን ቱቦና መምጠጫ ያለው ክዳን አትያዢ። መጀመሪያ የሚዘጋው እሱ ነው። ብርዱ በጠናበት ጠዋት ብረቱን አፍሽ ላይ አታድርጊው፤ ከንፈር ይይዛል። በኩባያ ቅጂ።

ድምፁም አለ። ቦርሳ ጎን ላይ የተንጠለጠለ ብረት ኮዳ ከማንጠልጠያው ብረት ጋር ሲጋጭ ሩቅ ይሰማል። አንድ ጠዋት ሳነቴ ላይ ቀይ ቀበሮ ፍልፈል ስታደባ አየን። ሆዷ መሬት ነክቶ፣ ጆሮዋ ወደፊት ቀጥ ብሎ፣ አንድ እግሯን አንስታ ቆማለች። ትንፋሻችንን ውጠን ነበር። ከኋላ የነበረ ሰው ዞር ሲል ኮዳው ቃ አለ። ፍልፈሉ ገባ። ቀበሮዋ ለአፍታ አየችንና ሄደች። በዓለም ላይ የቀሩት 500 አይሞሉም፤ ከግማሽ በላይ የሚሆኑት ባሌ ናቸው። ያቺ ቀበሮ ቁርሷን አጣች። ብረት ከያዝሽ በጨርቅ ጠቅልይው፤ ቦርሳ ውስጥ ይግባ።

በሶ ትይዙ ይሆናል። ለተራራ ከበሶ የሚሻል ምግብ አላውቅም። በሶ የሚበጠበጥበት ኮዳ አፈ ሰፊ መሆን አለበት። እጅሽ ወይም ማንኪያ መግባት ይችል። አፈ ጠባብ ውስጥ ሥሩ ይቀራል፤ ፀሐይ ሲመታው በማግስቱ ይኮመጥጣል። ፕላስቲክ ደግሞ ሽታ ይይዛል፣ ብረት አይዝም። ስለዚህ ለበሶ አንድ አፈ ሰፊ ፕላስቲክ መድቡና ለሌላ አትጠቀሙበት። ከቆሸሸ ጥቂት ደቃቅ ጠጠርና ውሃ ጨምራችሁ በደንብ ናጡት። እናቶቻችን ቅል የሚያጥቡት እንደዚያ ነበር፤ እስካሁን የሚሻለው ዘዴ አልተገኘም።

ባዶውን ሃይላንድ በተመለከተ የማሳስባችሁ ነገር አለ። መንገድ ላይ ሕፃናት «ሃይላንድ! ሃይላንድ!» እያሉ ይሮጣሉ። ጠርሙሱ ለነሱ ዕቃ ነው፤ ወተት፣ ዘይትና ጋዝ ይያዝበታል። መስጠቱ ክፉ አይደለም። ከሚሄድ መኪና መወርወር ግን ክፉ ነው። ልጆቹ ወደ ጎማው ይሮጣሉ። ወርዳችሁ፣ ለታላላቆቻቸው በእጃቸው ስጡ። ሳነቴ ላይ ደግሞ ማንም የሚቀበላችሁ የለም። የተጨመቀ ባዶ ጠርሙስ ቦታ አይወስድም፤ ይዛችሁት ጎባ ውረዱ።

ጥር እስኪደርስ ድረስ አንድ ሥራ ልስጥሽ። ኮዳን ብዙውን ጊዜ የሚያጋልጠው ግድግዳው ሳይሆን ክዳኑ ነው። ክዳኑ ውስጥ ያለችውን ጎሚኒ አውጪና እዪ። ከተሰነጠቀች ወይም ከደረቀች ቀይሪ። ከዚያ አንድ ምሽት የፈላ ውሃ ሞልተሽ፣ ዘግተሽ፣ ጋዜጣ ላይ አጋድመሽ አሳድሪው። ሁላችሁም አድርጉት። ጠዋት ጋዜጣው ደረቅ ከሆነ ኮዳው ባሌ ይሄዳል። ጠብ ካለ ቤት ይቅር።